ከተወጋችው ዓሣ ነባሪ ጎን

ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ዌስትቼስተር በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሻትል ሹፌር ነበርኩ። ከሆቴሉ በር እነሳለሁ፣ ተርሚናሎቹን እዞራለሁ፣ ተመልሼ ሆቴሉ በር ላይ እቆማለሁ። ስድስት ዓመት እንዲሁ ዞርኩ። ተሳፋሪው ሻንጣውን ይሰጠኛል፣ ስልኩን ሲያይ ይቆያል፣ ይወርዳል። ስሜ ደሳለኝ እንደሆነ ደረቴ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን አልነበረም።

ባሕር ዳር ሳለሁ ጀልባ ነጂ ነበርኩ። ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ ቱሪስት ወደ ጣና ገዳማት በሞተር ጀልባ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌሎቹ ጀልባቸውን ሲያስሩ እኔ እወጣ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ስለዚህ ሙያዬ የጠየቀኝ ሰው እንዳልነበረ እንድታውቁልኝ ነው። በኋላ የሆነውን ሁሉ ያለዚህ ልትረዱት አትችሉም።

አርብ አርብ ከሥራ ስወጣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ፌርፋክስ እሄዳለሁ፤ እትዬ ሙሉ ምግብ ቤት። እትዬ ሙሉ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁጣም ደግነትም የማይለያቸው ሴት ናቸው። እሳቸው ጋ ሥጋም ቅቤም የማይነኩ ፈረንጆች ለጾም በያይነቱ ይመጡ ነበር። አንድ አርብ ስምንት ሆነው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። አንዷ ክሌር የምትባል ሴት ነበረች፤ ሃምሳ አካባቢ፣ ፀጉሯ አጭርና ሽበታም፣ ፊቷን ፀሐይና ጨው ያደረቀው። እትዬ ሙሉ ሽሮ ሲጨምሩላቸው ምን እንደሚሠሩ ጠየቁ። ክሌር ዓሣ ነባሪ የሚያድኑ መርከቦችን ባሕር ላይ እየተከተልን እናስቆማለን አለች። አንዱ ጀልባ ነጂያችን ክንዱ ተሰበረ፣ ልንወጣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረን፣ ተቸግረናል አለች።

እትዬ ሙሉ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ ጀልባ ነጂ ነው።»

ክሌር ወንበሯን አዙራ አየችኝ። «እውነት ነው?»

«ሐይቅ ላይ ነው የነዳሁት» አልኩ። «ባሕር አይደለም።»

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ አንድ።»

በማግስቱ ክሌር የጀልባ ወደብ ወሰደችኝ። ትልቅ ሞተር የተገጠመላት የጎማ ጀልባ ነበረች። መሪውን ስይዝ እጄ አልረሳም። ከወደቡ አውጥቼ ማዕበሉን በጎን እየቆረጥኩ አንድ ሰዓት ያህል ነዳሁላት። ስንመለስ ትከሻዬን ይዛ፣ ስሜን አሳጥራ፣ «ዴዝ፣ አንተ ከእኛ አንዱ ነህ» አለችኝ። ያን ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላፍርበት ይገባል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

ለእትዬ ሙሉ ሥራዬን ለቅቄ እንደምሄድ ስነግራቸው የያዙትን ማማሰያ አስቀመጡ።

«ለዓሣ?»

«ዓሣ እኮ አይደለም እትዬ። እንደ ላም ወልዶ የሚያጠባ ነው።»

«ይሁን። አገርህ ላይ ሰው እየረገፈ አንተ አዝነህ የምትሄደው ለሚያጠባው ዓሣ ነው?»

«እዚያማ ምን ላደርግ እችላለሁ? ማንስ ጠርቶኝ?»

«እሱን እኔም አላውቅም» አሉ። ጓዳ ገብተው አንድ ከረጢት በሶ አምጥተው ሰጡኝ። «ባሕር ላይ ሆድህ ሲታወክ በጥብጠህ ጠጣ።»

የአዳኞቹ መርከብ የየት አገር እንደነበረች አልጽፍም፤ የእኛንም ድርጅት ስም እተወዋለሁ። ሰሜን ነው፣ በጣም ሰሜን። በዚያ ወቅት ፀሐይ አትጠልቅም፤ አድማሱ ላይ ዘንበል ብላ ትዞራለች እንጂ። መርከባችን አሮጌ የዓሣ ማስገሪያ ነበረች፤ ሃያ ሁለት ሰው ይዛ ነበር። አሥር ቀን ፈለግን። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ ሳለን፣ የአዳኞቹን መርከብ አገኘናት።

ሥራው እንዲህ ነው። የአዳኙ መርከብ አፍንጫ ላይ መድፍ አለ። መድፉ የሚተኩሰው ሰው የሚያህል ጦር ነው፤ ጦሩ ጫፍ ላይ የሚፈነዳ ነገር አለው፣ ኋላው ላይ ወፍራም ገመድ ታስሯል። ዓሣ ነባሪው ለመተንፈስ ብቅ ሲል ተኳሹ ይተኩሳል። የእኛ ሥራ በጎማ ጀልባ እየሮጥን በመድፉና በዓሣ ነባሪው መካከል መግባት ነው። ሰው መካከል ካለ ተኳሹ አይተኩስም። ሌላ መሣሪያ የለንም።

ጀልባዋ ላይ ሦስት ነበርን። እኔ መሪው ላይ፣ ክሌር ከፊት ሬዲዮ ይዛ፣ ቶቢ የሚባል ካሜራማን ከኋላዬ። ሁላችንም ብርቱካናማ ጃኬት ለብሰናል። ውሃ ላይ ወርደን ስንደርስ መርከቧ አንዲት ዓሣ ነባሪ እየተከተለች ነበር። ብቻዋን ናት። ጀርባዋ ከውሃው ሲወጣ ማለቂያ ያለው አይመስልም፤ የምነዳት ሻትል ሁለት ተደርባ አትደርስባትም። ስትተነፍስ ድምፁ እንደ ትልቅ መኪና ፍሬን ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ሮጥን። ወደ ግራ ስትታጠፍ እታጠፋለሁ፣ ስትሰምጥ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ ክሌር በእጇ አቅጣጫ ታሳየኛለች። መርከቧ ላይ ያሉት ሠራተኞች በእሳት አደጋ ቱቦ ውሃ ይለቁብን ጀመር። ያ ውሃ ከበረዶ አይሻልም። ፊቴን ሲመታኝ የተመታሁት በጥፊ መሰለኝ። አንዱ ወጣት ሠራተኛ ውሃውን ወደ ቶቢ ካሜራ እያነጣጠረ ይስቅ ነበር። ሌላው ባልዲ ሙሉ የዓሣ አንጀት ላያችን ላይ ደፋ። ክሌር አንገቷን እንኳ አላዞረችም።

«ደክማለች» አለችኝ ስለ ዓሣ ነባሪዋ። «ቶሎ ቶሎ ብቅ እያለች ነው። አሁን አትራቅ።»

ቀጥሎ የሆነው የጥቂት ሰኮንዶች ነገር ነው። ዓሣ ነባሪዋ እኔ ካሰብኩት በስተቀኝ ብቅ አለች። መሪውን በሙሉ ኃይል ጠምዝዤ በመድፉ ፊት ቆረጥኩ። ተኳሹ ልንቀድመው እንደሆነ አይቶ ቸኮለ። ፍንዳታውን ከጆሮዬ ይልቅ በደረቴ ሰማሁት። ጦሩ ከኋላችን አልፎ ገባ። ከሆዷ በታች፣ ወደ ጅራቷ በኩል። ከውሃው ውስጥ ሌላ የታፈነ ፍንዳታ ተሰማ። ባሕሩ ቀላ።

የተመታችው መመታት ያለባት ቦታ አልነበረም። ወዲያው አልሞተችም።

ገመዱ ተወጥሮ መርከቧን ጎተተ። ከዚያ ኃይሏ አለቀ፤ ውሃው ላይ በጎኗ ተንጋለለች። መርከቧ ሞተሯን ቀነሰች። ሠራተኞቹ እየሮጡ ሁለተኛ ጦር አመጡና መድፉ ላይ ጫኑ። ክሌር ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«አስገባን» አለች። «አጠገቧ። በእሷና በመድፉ መሃል።»

አስገባኋት። ሁለተኛው ጦር ሲዞር እኛ ፊቱ ነበርን። ተኳሹ እጁን ከመድፉ አነሳ።

አሁን ስለ እሱ ልንገራችሁ። አረጋዊ ሰው ነው፤ ቢጫ ካፖርትና የሱፍ ቆብ ለብሷል። ለሁለት ሰዓት ያህል ያየሁት እንደ ጠላት ነበር። እጁን አነሳና ወደ ጎን አወዛወዘ፤ ዞር በሉ ማለቱ ነው። አልተነቃነቅንም። እንደገና አወዛወዘ። ከዚያ ድምፅ ማጉያ አመጡለትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተናገረ።

«ዞር በሉ። ሕመም ላይ ናት። ልጨርስላት።»

ክሌር ሬዲዮዋን ወደ አፏ አስጠግታ ለካፒቴናችን ያለውን ነገረችው። የካፒቴኑ ድምፅ መጣ። «ቦታችሁን ያዙ። ቶቢ እየቀረጸ ነው?»

«እየቀረጽኩ ነው» አለ ቶቢ።

«ያዙ።»

ያዝን። ሞተሩን ከማርሽ አውጥቼ፣ ጀልባዋ ስትንሸራተት ትንሽ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ቦታዬን እያስተካከልኩ። ጎበዝ ነጂ ነበርኩ። አንዲት ክንድ ያህል አልሳትኩም።

ዓሣ ነባሪዋ ከጀልባዋ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ነበረች። ስትተነፍስ የሚወጣው እንፋሎት መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ በኋላ ሮዝ ሆነ፤ በኋላ ደም ሆኖ ጃኬታችን ላይ፣ ፊታችን ላይ፣ ከንፈራችን ላይ ይዘንብ ጀመር። ሙቅ ነበር። በዚያ ብርድ ውስጥ ሙቀቱ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ዓይኗ ከውሃው በላይ ነበር። የሰው ጡጫ የሚያህል፣ ጥቁር፣ እርጥብ። አየችኝ ብዬ አልልም፤ ምን እንደምታይ አላውቅም። ግን ዓይኑ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሩብ ሰዓት አለፈ። ቱቦውን የያዙት ሠራተኞች ውሃውን ዘግተዋል። ሲስቅ የነበረው ወጣት የመርከቧን አጥር ተደግፎ ወደ ውሃው አስታወከ።

«ክሌር» አልኩ። «ትድናለች?»

ሬዲዮዋን እንደያዘች ወደ መድፉ ታያለች።

«ገመዱን ቢቆርጡላት ትኖራለች ወይ?»

«ዴዝ፣ ውስጧ ፈንድቷል» አለች ሳትዞር።

«ታዲያ እንልቀቅና ይጨርሳት።»

«ዛሬ መንገድ ከለቀቅን ለእነሱ እየሠራንላቸው ነው። ዓለም ይህን ማየት አለበት። ለሚመጡት ነው። ገባህ? ለዚህች አይደለም፤ ለሚመጡት ነው።»

ገብቶኛል። ቃሉ ትክክል ይመስል ነበር። ጅራቷ አንድ ጊዜ ተነስቶ ውሃውን መታና ጀልባዋ ልትገለበጥ ደረሰች። ቶቢ «ይህን ይዤዋለሁ» አለ፤ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እያለቀሰ ይመስለኛል። ካሜራውን ግን አላወረደም።

ተኳሹ እንደገና ድምፅ ማጉያውን አነሳ። በዚህ ጊዜ ለክሌር አልነበረም። በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«አንተ። መሪውን የያዝከው። አንተ ዞር በል።»

እጄ ወደ ማርሹ ሄደ። አስቤ አይደለም፤ ራሱ ሄደ። ማርሹን ያዝኩት። አንድ ግፊት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ክሌር ከተቀመጠችበት ተንጠራርታ የእጄን አንጓ ያዘችው። አጥብቃ አልጨበጠችኝም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ከዚያ በላይ ጠንክሮ በያዘኝ ነበር። ልነጥቃት እችል ነበር።

«አታድርገው» አለች በለሆሳስ። «እስካሁን አኮራኸን። አታድርገው።»

እጄን መለስኩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደቆየን ያወቅሁት ከቶቢ ካሜራ ነው። ከመጀመሪያው ጦር እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ሃምሳ አንድ ደቂቃ። ተኳሹ መድፉ ሥር ባለው ብረት ላይ ተቀምጦ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። የዓሣ ነባሪዋ ትንፋሽ እየተራራቀ ሄደ። አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላውን እጠብቃለሁ፤ አሁን አለቀ ስል ይመጣል። በመጨረሻ ጠብቄ ጠብቄ ሳይመጣ ቀረ። ዓይኗ እንደተከፈተ ነበር።

ያኔ ክሌር «አሁን መልቀቅ ትችላለህ» አለችኝ።

ለቀቅኩ። መርከቧ ተጠጋች፤ ጅራቷን በሰንሰለት አስረው ከጎናቸው አንጠልጥለዋት ሄዱ። ገደሏትም፣ ወሰዷትም። የዚያን ቀን ያተረፍነው አንዲትም ነገር አልነበረም። ተኳሹ ሲያልፍ ወደ እኔ አላየም።

መርከባችን ላይ ስንወጣ ሁሉም ተሰልፈው አጨበጨቡልን። ካፒቴኑ እጄን ጨበጠኝ። ክሌር አቅፋኝ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደሙን በሳሙና ሳጥብ ከጆሮዬ ውስጥ አልወጣም አለኝ። እትዬ ሙሉ የሰጡኝን በሶ በጥብጬ ልጠጣ ሞከርኩ፤ ተመለሰ።

ከሁለት ወር በኋላ ሳንታ ሞኒካ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለ አዳራሽ ውስጥ ቪዲዮውን አሳዩት። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ ቦታ አልነበረም። የታየው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ተተኮሰባት፣ ደም፣ ዓይኗ፣ የእኛ ብርቱካናማ ጃኬት ከጎኗ። ከሥሩ በጽሑፍ «ለመሞት ሃምሳ አንድ ደቂቃ ፈጀባት» ይላል። ውሸት የለበትም። ለምን እንደፈጀባት ግን አይልም። የተኳሹ ድምፅ የለም፤ በቦታው ሙዚቃ ገብቷል። ሰዉ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ክሌር ስሜን ጠራች። ሙሉ ስሜን፣ ደሳለኝ ብላ፣ ሳትሳሳት። ተነሳሁ። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ።

ማይክሮፎኑ ፊቴ ነበር። ልናገር እችል ነበር። «አመሰግናለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ።

በኋላ ፓርኪንጉ ውስጥ ክሌርን ጠበቅኋት።

«ሰውዬው ዞር በሉ ያለበት ቦታ ለምን ተቆረጠ?»

«ሰው አይገባውም» አለች። «አምስት ደቂቃ ነው ያለን። እሱን ካስገባን እሱ ደግ ይመስላል።»

«ደግ ነበር እንዴ?»

«ዴዝ፣ ጦሩን የተኮሰባት እሱ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

«በሚቀጥለው ክረምት እንወጣለን። ካንተ የተሻለ ነጂ የለንም» አለች። አስብበታለሁ አልኳት። አልሄድኩም፤ እንደማልሄድም በግልጽ አልነገርኳትም። ስልኳን ማንሳት ተውኩ፤ እሷም ቆይታ መደወል ተወች።

ቪዲዮው ፌርፋክስም ደርሶ ነበር። እትዬ ሙሉ ስልካቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። «እነዚህ አረመኔዎች» አሉ። «ያን ያህል ሰዓት እያዩዋት? ልብ የላቸውም?» ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙኝ። ተቆጥተው ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልለቀቅክም?» አሉ።

«ስላመሰገኑኝ።»

ስልካቸውን ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ሌላ ደንበኛ ጠራቸውና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ሳህኔ ላይ ግን እንደ በፊቱ አይጨምሩልኝም። ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኛል።

አንባቢዎቼ፣ አዳኞቹ ልክ ነበሩ እያልኩ አይደለም። አሁንም ያ መድፍ መኖር የለበትም እላለሁ። ክሌርንም ክፉ ሴት ናት አልልም፤ ለእነዚያ እንስሳት ዕድሜዋን የሰጠች ሰው ናት። ለዚያ ሃምሳ አንድ ደቂቃ ከእኔ ሌላ ተጠያቂ ለመፈለግ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አልተገኘም። የሰው ልጅ ጭካኔ ሲነሳ ጨካኙ ጦር የሚተኩስ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ቁጡ፣ የሚስቅ፣ ባልዲ የሚደፋ። እኔ ግን ያን ቀን አልተቆጣሁም፣ አልሳቅሁም። ባለሙያ ነበርኩ። ጀልባዬን አንዲት ክንድ ሳላስት ይዤ፣ በእኔ የሚኮሩ ሰዎች መሃል ሆኜ፣ አንዲት ፍጡር ከመሞት አገድኳት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደስ ብሎኝ የነበረበት ደቂቃ መኖሩ ነው።

እናንተም አንድ ቀን ትክክል የሆነ ነገር ይዛችሁ ትቆሙ ይሆናል። ከጎናችሁ የሚተነፍስ ካለ እባካችሁ እሱን ስሙት። ይህን የምለው እንደ መካሪ አይደለም። ያልሰማ ሰው ሆኜ ነው።

ሻትሉን ትቼ አሁን የኩላሊት ሕመምተኞችን ፓሳዴና ወዳለ ክሊኒክ አመላልሳለሁ። ቪዲዮው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ሰው ያየዋል፣ ከሥሩ ይጽፍበታል፣ ያለቅሳል። ጀርባውን ሰጥቶ መሪውን የያዘው ብርቱካናማው ሰውዬ እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እጄ ወደ ማርሹ የሄደበት ቦታ ተቆርጧል። የተመለሰበትም እንዲሁ።